ውጭ የቆመው ባሕር ዛፍ ወደ ሳሎን ይግባ

በአዲስ አበባው ጎሮ ሰፈር በግንባታ ላይ ካለ ቤት ፊት ቆሞ የሚያስተውል ሰው አንድ የማይገጣጠም ነገር ያያል። ሕንፃውን ከውጭ ከቦ የቆመው፣ ግንበኛውና ለሳኙ የሚረግጡት፣ ሶሌታው እስኪጠነክር ከሥር የሚሸከመው ባሕር ዛፍ ነው። ልስኑ ሲያልቅ አጠናው ይወርዳል፤ ደህናው ወደሚቀጥለው ሕንፃ ይጫናል፣ የተሰበረው ለማገዶ ይሄዳል። ከዚያ ባለቤቱ ወደ ማሳመሩ ይገባና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ እንጨት ለማልበስ ይወስናል። ለዚህ የሚገዛው ግን ባሕር ማዶ ተመርቶ በኮንቴይነር የገባ፣ ገጹ ላይ የእንጨት መልክ የታተመበት ፕላስቲክ ወይም ተፈጭቶ የተጨመቀ ሰሌዳ ነው። እውነተኛው እንጨት ከበራፉ ላይ ተነቅሎ ሲሄድ ምስሉ በውጭ ምንዛሪ ይገባል።

ይህን የምለው ቤቱን በሚያሳምር ሰው ለመሳለቅ አይደለም። ጎሮ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ነበር፤ ዛሬ ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከአይሲቲ ፓርክ እስከ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ቪላው፣ አፓርትመንቱና ኮንዶሚኒየሙ ተያይዟል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራምም ቤቱን ለዕድለኛው ሲያስረክብ አብዛኛውን የውስጥ ማጠናቀቂያ ለራሱ ይተውለታል። ወለሉም፣ ቀለሙም፣ ግድግዳውም የየቤተሰቡ ውሳኔ ነው። ውሳኔው የግል ቢመስልም በአንድ ሰፈር ውስጥ በሺዎች ሲደጋገም ገበያ ይሆናል፤ ገበያው ደግሞ የትኛው ዛፍ እንደሚተከልና የትኛው አናጺ ሥራ እንደሚያገኝ ይወስናል። የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው። የሳሎን የእንጨት ግድግዳ ለአገር ውስጥ እንጨት፣ በተለይም ለባሕር ዛፍ፣ ከቤት ሥራ ሁሉ የበለጠ የሚመች ቦታ ነው። እዚያ እንዳይደርስ ያገደው የዛፍ እጥረት ወይም የአናጺ ማነስ ሳይሆን እንጨቱን በአግባቡ የሚያደርቅ አለመኖሩ ነው።

በመጀመሪያ አሁን የሚለጠፈው ምን እንደሆነ እንይ። አንዱ ኤም ዲ ኤፍ ነው፤ የእንጨት ጭረት ከሙጫ ጋር ተደባልቆ በሙቀትና በግፊት የተጠፈጠፈ ሰሌዳ። ገጹ ለስላሳ ነው፣ ቀለም ይቀበላል፣ አይጣመምም። ውኃ ሲነካው ግን ያብጣል፤ አንዴ ካበጠ ወደ ቦታው አይመለስም። ሙጫው አብዛኛውን ጊዜ ፎርማልዴይድ አለበት፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዴይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። ኤም ዲ ኤፍ ያለበት ቤት ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ ልቀቱ ዝቅተኛ የሆነ፣ ኢ1 የሚባል ደረጃ ያለው ሰሌዳ ይመረታል። ገዢው ግን ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው እንጂ ስለ ደረጃው አይደለም። ሌላው ደብሊው ፒ ሲ የሚባለው ነው፤ የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ ቀልጦ የተሠራ ባለ ሸንተረር ሰሌዳ። ውኃ አይፈራም፣ ቀላል ነው፣ በአንድ ቀን ተለጥፎ ያልቃል። እነዚህን ጥቅሞች መካድ አይገባም። ሲጫር ግን በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ አይታደስም፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ ቁራጭ ቢሰበርም ያንኑ መልክ ገበያ ላይ ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። ድምፅ ይውጣል የሚለው ማስታወቂያም በአብዛኛው ውሸት ነው፤ ድምፅ የሚውጠው ከበስተጀርባው ለስላሳ ምንጣፍና ክፍተት ያለው ርብራብ እንጂ ደፍኖ የተለጠፈ ፕላስቲክ አይደለም።

እንጨትን ግድግዳ ላይ ማሳየት ከስልክ ላይ የተቀዳ ፋሽን ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ ላስታ ይመልከት። ከላሊበላ ራቅ ብሎ በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ዘመን ሲታነጽ ግድግዳው የተሠራው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደረገ ነው። ጥቁሩና ነጩ ሰንበር ከሩቅ ይታያል። ከእርሱ እጅግ ቀድሞ በደብረ ዳሞ እንጨቱ በድንጋዩ መካከል ገብቶ ጫፉ ወደ ውጭ ብቅ ይላል፤ ይህ የአክሱም ግንበኞች ዘዴ ነው። እዚያ እንጨቱ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውን የሚያስር ነው፤ ከድንጋይ የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ያንን የእንጨት ቅርጽ በድንጋይ ላይ ገልብጠውታል። ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ በ1898 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ጣይቱ ሆቴል፣ በዚያው ዘመን የተሠሩት የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶችም በእንጨት ወለላቸው፣ በደረጃቸውና በበረንዳ ርብራባቸው ይታወቃሉ፤ በብዙዎቹ ላይ ከሕንድ የመጡ አናጺዎች እጅ አለበት። ከተማዋ እንጨትን ከፊት ያስወገደችው ሲሚንቶና ብሎኬት ሲነግሡ ነው። ስለዚህ የጎሮው ሳሎን የሚፈልገው ነገር እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ዕቃው ነው።

ባሕር ዛፍ እዚህ አገር የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ሞንዶን ቪዳይሌ የተባለ ፈረንሳዊ እንዳስገባው ይነገራል። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። በፍጥነት የሚያድገው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ አጸናት። ዛሬ በአገሪቱ ያለው የባሕር ዛፍ ስፋት ግማሽ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሆን ይገመታል፤ ከአፍሪካ አገሮችም ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ዛፍ ግን ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም ሥራው ያው ነው፤ ማገዶ፣ አጠና፣ የጭቃ ቤት ማገር፣ የመብራት ምሰሶ። ከአማራ ክልል በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር የኖረውም ያልተሰነጠቀ ግንድ ነው። የማይጨው የቺፕቦርድ ፋብሪካ ባሕር ዛፍን ሰሌዳ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል፤ እርሱም ቢሆን እንጨቱን አድቅቆ ነው። እንጨቱን እንደ እንጨት፣ መስመሩንና ቀለሙን እንዳለ፣ ለዓይን ለማቅረብ ማንም ጠንክሮ አልሠራበትም።

ለምን ዋንዛ አይሆንም የሚል ይኖራል። ዋንዛ ያማረ እንጨት ነው፤ ቀላል፣ ለመጥረብ የሚመች፣ ብዙም የማይጣመም። በርጩማውም፣ የጥንቱ በርም፣ ከበሮውም ከእርሱ ሲወጣ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝግባ፣ ፅድና ኮሶም እንዲሁ። ይህ መልካምነታቸው ግን ሊያጠፋቸው ደርሶ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94 አራቱንም ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሏል፤ የደን ሕጉ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. እንደገና ቢወጣም የአገር በቀል ዛፎች ጥበቃ ቀጥሏል። ገበሬ በማሳው ዳር ያሳደገው ዋንዛ በፈቃድ ሊሸጥ ይችላል። ሳሎን ውስጥ የሚደረደረው ጣውላ ከየትኛው እንደመጣ ገዢው የሚያረጋግጥበት መንገድ ግን እምብዛም የለም። በዚህ ምክንያት ዋንዛን ለአንድ ወንበር፣ ለአንድ በር መተው ይሻላል እላለሁ። ሰፊ ግድግዳ የሚሸፍን እንጨት ለመቆረጥ ተብሎ ከተተከለ ዛፍ ይምጣ፤ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ፅድ፣ ግራቪሊያ። የፈረንጅ ፅድ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ጥሩ ሽታ አለው፣ ለአናጺ አያስቸግርም። ክርክሬን በባሕር ዛፍ ላይ ያደረግኩት ከሁሉም የበዛው እርሱ ስለሆነና ከሁሉም የተናቀውም እርሱ ስለሆነ ነው።

አናጺዎች ባሕር ዛፍን የሚንቁበት ምክንያት ባዶ አይደለም። ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማር አያስገባም ይላሉ፤ ትክክል ናቸው። እንጨት ሲደርቅ የሚጨማደደው በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው፤ ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከለጋነቱ ጨርሶ እስኪደርቅ በቀለበቱ አቅጣጫ ከ10 በመቶ በላይ ይጠብባል። ከደረቀ በኋላም አየሩ ሲረጥብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠብባል፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚጠጣውን እርጥበት በጥርና በየካቲት ይመልሳል። የእንጨቱ እርጥበት በበጋና በክረምት መካከል በ5 በመቶ ቢለዋወጥ እንኳ 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የባሕር ዛፍ ጣውላ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። ከእንዲህ ዓይነት ጣውላ የተሠራ ጠረጴዛ መሰንጠቁ፣ በር በክረምት አልዘጋ ማለቱ አይቀርም። አሁን ግን ያንኑ ጣውላ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባላቸው ዘንጎች እንሰንጥቀው። እያንዳንዱ የሚንቀሳቀሰው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዘንጎቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ደግሞ ያንን ውጦ ያስቀረዋል። ዛሬ ሁሉም የሚፈልገው በዘንግ የተደረደረ፣ ጥላና ብርሃን የሚፈራረቅበት ግድግዳ የባሕር ዛፍን ዋና ጉድለት ጉዳት አልባ የሚያደርግ አሠራር ነው። ሸክም የለበትም፤ ማንም አይቀመጥበትም፤ አንዱ ዘንግ ቢጎብጥ ተፈትቶ ይቀየራል። ወጣት ባሕር ዛፍ ውስጡ ካለው ውጥረት የተነሣ ረጅም ጣውላ ሲወጣው እንደ ቀስት ይገተራል፤ ግድግዳው ግን በ60 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ተቀጣጥሎ ወይም ተሰባጥሮ ሊሠራ ይችላል። ለጣሪያም፣ ለአልጋም የማይሆን ቁርጥራጭ እዚህ ዋጋ ያገኛል።

ዛፉ በተወለደበት አገር ማንም እንዲህ አይንቀውም። አውስትራሊያውያን ባሕር ዛፍን ለወለል፣ ለደረጃ፣ ለግድግዳ ይጠቀሙበታል፤ በስፔን ጋሊሲያም የእኛው ነጭ ባሕር ዛፍ የወለል ጣውላ ሆኖ ይሸጣል። ልዩነቱ ከዛፉ አይደለም። ባሕር ዛፍ በጥድፊያ ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ውኃው ሲወጣባቸው ይሟሽሻሉ፤ ጣውላው ገጽታው ማዕበል ይሆናል። አውስትራሊያውያን ይህን ያሸነፉት እንጨቱን በጥላ ቀስ ብለው አድርቀው፣ መጨረሻ ላይ በእንፋሎት አለስልሰው ወደ ቅርጹ በመመለስ ነው። የተደበቀ ጥበብ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። እኛ ጋ ግን ጣውላው ከመጋዝ ወርዶ በሳምንታት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይመታል፤ ከዚያ ሲጣመም ዛፉ ይረገማል።

ማድረቁ ምን ይጠይቃል? ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየመካከሉ ቀጫጭን ዘንግ እያስገቡ አየር እንዲያልፍ መደርደር፤ ከፀሐይና ከዝናብ መጋረድ፤ ጫፎቹን እንዳይሰነጠቁ ቀለም ወይም ሰም መቀባት፤ ከላይ ክብደት መጫን። በአየር ብቻ ከተባለ የአናጺዎች የቆየ ግምት ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው፤ ለግድግዳ የሚሆነው 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ ጊዜው ያጥራል። ከዚያ የመጨረሻውን እርጥበት ለማውጣት በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ማራገቢያ ያለው የፀሐይ ማድረቂያ ቤት ይበቃል፤ ከመስከረም እስከ ግንቦት አብዛኛው ቀን ፀሐይ ለሆነበት ከተማ ይህ ቅንጦት አይደለም። በአዲስ አበባ የእንጨት ቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ፤ የአገር ውስጥ እንጨቶችን ጥንካሬና አደራረቅ ለዓመታት አጥንቷል። ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። ወረዳዎች ለወጣት አናጺዎች ማኅበራት የሚሰጡት ሼድ ግን መጋዝና ማሽን እንጂ ማድረቂያ የለውም። አንድ ማኅበር ብቻውን ገንዘቡን ለወራት በተደረደረ ጣውላ ላይ ማሰር አይችልም፤ አሥር ማኅበራት በአንድ ማድረቂያ ቢገለገሉ ግን ይችላሉ። ገዢውም ድርሻ አለው። የእንጨት እርጥበት የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ፤ ሁለት መርፌዎቹ ጣውላው ላይ ሲወጉ ቁጥሩ ይወጣል። ለአዲስ አበባ ሳሎን ከ10 እስከ 13 በመቶ ጥሩ ነው። ቁጥሩን ሳያይ ቀብድ የማይከፍል ደንበኛ ከማንኛውም መመሪያ በላይ አናጺውን ይለውጣል።

እዚህ ላይ ጎሮን ጎሮ የሚያደርገው ነገር ይመጣል፤ መሬቱ። የቦሌና የምሥራቁ አዲስ አበባ አካባቢ አብዛኛው አፈር ጥቁር ሸክላ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መሠረቱ በዚህ አፈር ላይ በጥንቃቄ ያልተጣለ ቤት ግድግዳው ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ ከምድር ቤት ደግሞ እርጥበት በብሎኬቱ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀለሙ ይላላጣል፣ ልስኑ ነጭ ጨው ያወጣል። እንግዲህ ብዙ ሰው የሚለጥፈው ሰሌዳ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ይህን ለመሸፈንም ነው። በግድግዳ ማልበስ ሥራ ላይ ትልቁ ቅሬታዬ ይኸው ነው። ፕላስቲኩ ስንጥቁን ከዓይን ይሰውረዋል፣ እርጥበቱን ግን ከጀርባው ያስቀረዋል፤ ሻጋታው እዚያ ይራባል፤ የቤቱ ሰው የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ወይም ልጅ ሲያስል ነው። ስንጥቁ እየሰፋ ቢሄድም የሚያየው የለም። እንጨት በዚህ ረገድ ሐቀኛ ነው፤ የታመመ ግድግዳ ላይ ከተመታ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ጉዳዩን ያወጣዋል።

ስለዚህ ከእንጨቱ በፊት ግድግዳው ይመርመር። አንድ ሜትር ካሬ የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ሁለት ቀን መተው ነው፤ ከውስጡ ላብ ከያዘ ግድግዳው ለእንጨት አልደረሰም። አዲስ ልስንም ወራት ይፈልጋል፤ ከክረምት መጨረሻ ይልቅ ሥራውን በበጋ ማጋመሻ መያዝ ይሻላል። ቀጥሎ እንጨቱ በኮላ ግድግዳው ላይ አይለጠፍም። ሞራሌ በፊሸርና በብሎን ይታሰራል፤ ብሎኬት ባዶ ሆድ ስለሆነ ፊሸሩ የሚይዝበትን ቦታ መርጦ መብሳት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ዘንጉ በሞራሌው ላይ ይመታል። በግድግዳውና በእንጨቱ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከታችም ከላይም ክፍት ሆኖ ከቀረ አየር ይመላለሳል። ባሕር ዛፍ ምስማር አያስገባም ለሚለው መልሱ አስቀድሞ በድሪል መብሳት ነው። ወፍራም ቫርኒሽም አላበረታታም፤ ሲላላጥ ያስጠላል፤ ዘይት ወይም ቀጭን ሽፋን በየተወሰነ ዓመት መድገም ይቀላል። ይህን ሁሉ የሚሠራ አናጺ ጎሮ ውስጥም ሞልቷል፤ የሚሰጠው የደረቀ እንጨት ነው የጎደለው።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ጠንካራው የዋጋውና የጊዜው ነው። ከውጭ የመጣው ሰሌዳ አንድ ወጥ ነው፣ መልኩ በካታሎግ ይመረጣል፣ ነገ ጠዋት ይለጠፋል፤ የአገሩ ደግሞ ወራት ያስጠብቃል፣ ዋጋውም ሊበልጥ ይችላል። ዛሬ ይህ እውነት ነው። ግን ርካሽነቱ በምን ላይ እንደቆመ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ምንዛሪ እንዳይገቡ አገደ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እገዳው ተነሣ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላርም በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች መካከል ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ከባሕር ማዶ በሚመጣ የግድግዳ ልባስ ላይ ኑሮውን የመሠረተ ነጋዴም ሆነ ገጣሚ በእንዲህ ዓይነት መዋዠቅ ላይ ነው የሚኖረው። የባሕር ዛፍ ጣውላ ዋጋም ከፍ ይላል፤ ነዳጅ ሲጨምር መጓጓዣው ይጨምራል፤ ነገር ግን የዋጋው ዋና ክፍል ብር ተከፍሎ ብር ሆኖ የሚቀር ነው። ወጥነቱን በተመለከተ ደግሞ ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ዘንጎች እንኳ አለመመሳሰላቸው ለእኔ ጉድለት አይደለም፤ ይህ ግን የዓይን ጉዳይ ስለሆነ አልሟገትበትም።

እሳትስ? ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰው ቃጠሎ የእንጨት ቤትን ለሚጠራጠር ሰው ጥሩ ምስክር ነው፤ ጃዝአምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት የነበረበት ክፍል ጠፍቷል። እንጨት ይነድዳል፤ ይህን ማለሳለስ አይገባም። ፕላስቲኩም ይነድዳል፤ ፒቪሲ ከተባለው ዓይነት የተሠራው ሲቃጠል ደግሞ የሚያንቅና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። በሁለቱም ላይ አደጋው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከጀርባው ነው፤ ለመስመር መብራት ተብሎ በችኮላ የተቀጠለ ሽቦ፣ አየር በማያገኝበት ቦታ የተወሸቀ ትራንስፎርመር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈነዳ ማከፋፈያ። ሽቦው በቱቦ ይሂድ፤ መገጣጠሚያው ተከፍቶ በሚታይ ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ እንጨቱም ከምድጃና ከሻማ ይራቅ። እንጨቱ ከኩሽና ጋር በሚገናኝ ግድግዳ ላይ ባይሆን እመርጣለሁ። የነቀዝና የምስጥ ነገርም ይነሣል፤ በደንብ የደረቀና ቦራክስ የጠጣ እንጨት፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ከተመታ፣ ስጋቱ ትንሽ ነው።

ሌላው ትችት ደግሞ ከሥነ ምግባር በኩል ይመጣል። ኪራይ የሚያስጨንቀው ሕዝብ ባለበት ከተማ ስለ ሳሎን ጌጥ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ምን ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም የእንጨት ግድግዳ ከሌለው ቤት አይሞላም አልልም። ነገር ግን ጌጡ አሁንም እየተገዛ ነው፤ ገንዘቡ እየወጣ ነው። ማድረቂያ ቤት ለመገንባት መጀመሪያ ላይ ውድ ዋጋ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ በር ወይም የትምህርት ቤት ወንበር የሚገዛው አይደለም፤ ለጌጥ የሚከፍለው ነው። በደረቀ ባሕር ዛፍ ለጎሮ ሳሎን የተጀመረ ሥራ እጅ ሲፍታታና ዋጋው ሲወርድ ወደ በሩ፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዴስኩ ይወርዳል። በመንግሥት ግዢ የሚሠሩ የትምህርት ቤትና የቢሮ ዕቃዎች የእንጨቱ እርጥበት ተለክቶ እንዲረከቡ ቢደረግ ይህ ይፋጠናል፤ ለዚህ የሚሆነውን ደረጃ ማውጣት ደግሞ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሥራ ነው።

የምፈራው ተቃውሞ የገበሬው ነው፤ እርሱም ገና አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ባሕር ዛፍ መሬት ያደርቃል፣ ምንጭ ያጠፋል፣ እህል የሚበቅልበትን ማሳ ይወስዳል የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ የትግራይ ክልል እ.ኤ.አ. በ1997 በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ለግድግዳ ብለን አዲስ ማሳ ባሕር ዛፍ አልብሱ ማለት ስህተት ይሆናል። የተተከለውን በተሻለ መጠቀም ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ለአጠና የሚቆረጠው ዛፍ አሥራ አምስት ዓመት ቢቆይ የጣውላ ግንድ ይሆናል፣ ከአንድ ሄክታርም የሚወጣው ዋጋ ይጨምራል። ችግሩ ገበሬው አሥራ አምስት ዓመት መጠበቅ አለመቻሉ ነው። በአማራ ክልል አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ደከረንስ የሚባለው ግራር ማሳውን የወረረው በአምስት ዓመት ውስጥ ከሰል ሆኖ ገንዘብ ስለሚያስገባ ነው፤ የልጅ ትምህርትና የማዳበሪያ ዕዳ ከዛፉ በፊት ይደርሳል። በአምስተኛው ዓመት ከጉቶ ከሚወጡት ቡቃያዎች ሦስት አራቱን ለአጠና ሸጦ አንዱን ቀጥ ያለውን ለጣውላ ማቆየት ይቻላል፤ ዘዴው በደን ባለሙያ የታወቀ ነው። ለቀረው ዛፍ ግን ቀድሞ የሚከፍል፣ ቢያንስ ቀብድ የሚያሲዝ ገዢ ይፈለጋል። ማድረቂያ ያለው ነጋዴ ወይም የአናጺዎች ማኅበር ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር በጽሑፍ ውል ካልተሳሰረ ያ ዛፍ በሰባተኛው ዓመት አጠና ሆኖ ጎሮ ይመጣል፤ ሕንፃው ሲያልቅም ወርዶ ለማገዶ ይሸጣል።